መንጃ ፈቃዴን ለማን ነው የሰጠሁት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባህር ዳር ባጃጅ እነዳለሁ፣ ከአባይ ማዶ ገበያ ነው መስመሬ። ደብዳቤ መጻፍ ብዙም አልችልበትም፣ ግን የገጠመኝን ልንገራችሁና እናንተ የሚመለከተውን አካል ጠይቃችሁ መልሱን አውጡልን፣ እኛ ስንጠይቅ ትከራከራለህ እንዴ ነው መልሱ።

ቅዳሜ ነው። አንዲት እናት ሁለት ዶሮ ይዘው አዲሱን ድልድይ ተሻግረን ገበያው ጋ ስንደርስ እግሬን ያመኛል እዚችው አውርደኝ አሉኝ፣ ቦታው መቆም የሚፈቀድበት አይደለም፣ አውቃለሁ፣ ግን ቆምኩ። ጥፋት ነው፣ አልክድም። ወዲያው ፊሽካ ተነፋ። ስዞር ትራፊክ አይደለም፣ ደንብ አስከባሪ ነው። "መንጃ! ሊብሬ!" አለኝ፣ ሰጠሁት፣ መንጃዬን አየት አረገና ኪሱ ከተተው፣ "ሰኞ ቢሮ ና" አለኝ። ወረቀት ስጠኛ፣ ያለ መንጃ እንዴት ነው የምነዳው ብለው ጀርባውን ሰጥቶኝ ሄደ። እማማ ዶሯቸውን እንዳቀፉ "ልጄ፣ ለመሆኑ ይሄ ትራፊክ ነው?" አሉኝ። ምን ልበላቸው?

ሰኞ ሄድኩ። ቢሮው ደግሞ እኛ ጋ የመጣ መንጃ የለም፣ ማነው የወሰደብህ፣ ስሙን ታውቃለህ ወይ ይለኛል። ደረቱ ላይ ባጅ የሌለውን ሰው ስም ከየት ላውቅ ነው! ባጃጁ እኮ የኔ አይደለም፣ ሰራሁም አልሰራሁም ለባለቤቱ የቀን ገቢ ይጠበቅብኛል። ረቡዕ ሰውየውን እዛው ገበያ ፈልጌ አገኘሁት፣ መንጃዬን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ፣ ከመስጠቱ በፊት የተባባልነውን ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።

አሁን አንዷ ትራፊክ ባለፈው ወር ትርፍ ጭነህ ብላ ቀጥታኛለች። ተናድጃለሁ፣ ግን ጥፋቴ ተጽፎ ተፈርሞበት ወረቀት ተሰጠኝ፣ ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ያዝኩ፣ አለቀ። መከራከር ብፈልግ እንኳ ወረቀቱ በእጄ ነው፣ ማን እንደቀጣኝ አውቃለሁ። የሁለቱ ልዩነት ይሄ ነው።

የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ወጥቶ ነበር፣ በ2009ም በደንብ 395 ተሻሽሎ ነበር፣ ጥፋቱን በእርከን በእርከን ከፍሎ ነበር ያስቀመጠው። ማን ይቅጣ የሚለው ግን መንገድ ላይ ስትወጣ ይምታታል። ፖሊስ ያልሆነ ሰው ጭራሽ መቅጣት አይችልም እያልኩ አይደለም፣ አዲስ አበባ የትራፊክ ማኔጅመንት ሰራተኞች ፖሊስ ሳይሆኑ ይቆጣጠራሉ ይቀጣሉም፣ ግን ለዚሁ ስራ ተብለው የተመደቡ ናቸው። የትራንስፖርት ተቆጣጣሪም ታሪፍና ስምሪት ቢጠይቀኝ ስራው ነው። ደንብ አስከባሪው የጎዳና ንግዱን ቆሻሻውን ይጠብቅ፣ የኔን መንጃ እንዲይዝ ውክልና ከተሰጠው ደግሞ ውክልናውን ያሳየን፣ እንቀበላለን።

ኬላ ላይ ሚሊሻው ወይ ፌዴራሉ አስቁሞ ቢፈትሸኝ ቅር አይለኝም፣ ጊዜው ነው፣ ተሳፋሪውም ወርዶ ይፈተሻል። የሰከረ ሹፌር ያየ የትኛውም ፖሊስ ቢያስቆመው ደግሞ እሰየው ነው የምለው፣ ሰው ከሞተ በኋላ ትራፊክ ቢመጣ ምን ያረጋል። ግን መፈተሽ ሌላ፣ ማስቆም ሌላ፣ መቅጣት ሌላ። አንዳንዱ ሶስቱንም አንድ አርጎ ይዟቸዋል፣ ዩኒፎርም ከለበሰ ታርጋ እስከመፍታት ሁሉ ይደርሳል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ የመንግስት አሰራር ለህዝብ ግልጽ ይሁን ይላል እኮ፣ ኪስ ውስጥ የገባ መንጃ ምኑ ነው ግልጽ?

ስለዚህ ጠይቁልን፦ ባህር ዳር ውስጥ ባጃጅ አስቁሞ መቅጣት የሚችለው ማነው? ወረቀት ሳይሰጥ መንጃ መያዝስ ይችላል? መልሱን መናኸሪያና ገበያ በር ላይ በትልቁ ይለጥፉት፣ ሹፌሩም ያንብብ ደንብ አስከባሪውም ያንብብ።

ስሜን ብታወጡት ግድ የለኝም። የጎን ቁጥሬን ግን አደራ፣ ነገም እዛው መስመር ላይ ነኝ።