ፎቶውን ይያዙልኝ

ይድረስ ለእማዬ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እግርሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ብሞክር እንባ እየተናነቀኝ ተውኩት። ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥን ላይ አየሁሽ። ያው የ2009ኙ ምስል ነው። መጋቢት በመጣ ቁጥር ያንኑ ያወጡታል። ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ደረትሽን ትመቻለሽ። ከስር «ሐዘን ያንገበገባቸው እናት» ይላል። ስምሽ የለም።

ቆሼ የተናደው ቅዳሜ ማታ፣ መጋቢት 2 ነበር። ሰኞ ጋዜጠኛው ድንኳናችን ገብቶ «እናት፣ ምን ተሰማዎት?» አለሽ። ዝም አልሽ። እንባሽ አልቆ ነበር። ያኔ «እስኪ ፎቶውን ይያዙልኝ» አለ። ማሙሽ መዋዕለ ሕፃናት ሲመረቅ በጋዋን የተነሳውን ሰጡሽ። ስታቅፊው ጮህሽ። እሱም ቀርጾ ወጣ። የልጁን ስም እንኳ አልጠየቀም። ጎረቤታችን ደግሞ እንባ አልወጣላትም፤ ካሜራው አለፋት። እሷ እኮ ሁለት ልጅ ነው የቀበረችው!

አልቃሿን ታስታውሻለሽ? ከመጀመሯ በፊት ጠጋ ብላ «ምን ይወድ ነበር?» አለችሽ። እርግቦቹን ነገርሻት። ሙሾዋ ውስጥ አስገባቻቸው። ማሙሽን የማያውቀው ሁሉ አውቆት አለቀሰ።

ለዜናው ግን ከ110 በላይ ከሞቱት አንዱ ነበር፤ በቃ። ቁጥሩ መነገሩ ደግ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ቆሻሻ የተከመረበት ተራራ ስር ሰው ለምን ይኖር እንደነበርስ? በእኛ ድንኳን ዜና ውስጥ ይህን የጠየቀ አልነበረም። እማዬ፣ በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ያንቺን ጩኸት አሰሙና ጥያቄውን ተዉት።

በ2011 አውሮፕላኑ ቢሾፍቱ አጠገብ ተከስክሶ 157 ሰው ሲያልቅ፣ የብዙዎቹን ስምና ሙያ በየጋዜጣው አነበብኩ። እንደዚያ ነው መሆን ያለበት። ማሙሽም ይገባው ነበር።

ትናንት አንድ ጋዜጠኛ ደውሎልኝ ነበር። ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል። «ስለ እርግቦቹ ትጠይቃታለህ?» አልኩት። ያለን ሁለት ደቂቃ ነው አለኝ። አንቺን ሳልጠይቅ እምቢ አልኩት። አጥፍቼ እንደሆነ ተቆጪኝ። መናገር ከፈለግሽ መልሼ እደውልለታለሁ፤ ሐዘኑ ያንቺ ነው።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ። ደብተር ይዤ ነው የምመጣው። ስለ ማሙሽ ያለሽን ሁሉ ንገሪኝ፣ እጽፈዋለሁ። ነጯን እርግብ ማን ነበር የሚላት? እኔ ረስቼዋለሁ።

ልጅሽ