ከበርገሩ ይልቅ ጁሱን ፍሩት

ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልን። ጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ምን መብላት እንዳለባቸው በጤና ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብበነዋል። ርዕሱን ማንሳታችሁ ደግ አደረጋችሁ። አዲስ አበባ፣ ቱርክ ወይም ሕንድ ተሠርቶ ወደ ጎንደር የሚመለስ ሰው ይዞት የሚመጣው የአመጋገብ ወረቀት ስለ ሳምቡሳና ስለ ቡና ቁርስ አንድም ቃል የለውም። ሆኖም «ከጥቂት ወራት በኋላ ሁሉም ይበላል፣ ብቻ ትንሽ በትንሹ» የሚለው ምክራችሁ አላስማማንም። ፋስት ፉድ ላይ ሲደርስ ሰውን የሚያሳስተው ይኸው «ትንሽ በትንሹ» ነው።

ምክንያቱ ከጨጓራው ቅርጽ ይጀምራል። ስሊቭ በተባለው የቀዶ ሕክምና ዓይነት ከጨጓራው ከመቶ 75 እስከ 80 የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ጠባብ ቱቦ ነው። ባይፓስ በተባለው፣ ጨጓራው ተከፍሎ ትንሹ ክፍል በቀጥታ ከቀጭን አንጀት ጋር በሚገናኝበት ዓይነት፣ ከላይ የሚቀረው ከረጢት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ቢይዝ ነው፤ የቡና ሲኒ ግማሽ እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለውን ቦታ ሞልቶ የሚያጠግበው ታኝኮም ጠጠር የሚል ምግብ ነው፦ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወፍራም ምስር። ጁስ፣ አይስክሬም፣ ሻይ ውስጥ የራሰ ብስኩት፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ፈንዲሻ ግን አይቆዩም፣ ሾልከው ይወርዳሉ። በአራት ጉርሻ ሥጋ በቃኝ የሚል ሰው አንድ ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ በግማሽ ሰዓት ጨርሶ «ኧረ እኔ ምንም አልበላሁ» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ ጨጓራው አልመዘገበውም።

የባይፓስ ሰው ቢያንስ የሚቀጣው ነገር አለ። ስኳሩ ሳይጣራ በቀጥታ ቀጭን አንጀት ውስጥ ሲደፋ አንጀቱ ከደም ውኃ ይስባል፤ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ልብ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይከተላል፣ ተኛ ተኛ ይላል። ሐኪሞች ዳምፒንግ ይሉታል፤ ሠፈር ውስጥ ግን «ዓይን ነው» ሲባል ይሰማል። ሁለተኛው ዓይነት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። ለመጣው ስኳር ሰውነት ኢንሱሊን አብዝቶ ይለቅና የደም ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይን ይጨልማል፣ ኃይለኛ ረሃብ ይነሣል። ሰውየው ደንግጦ ሌላ ጣፋጭ ይበላና ዙሩ እንደገና ይጀምራል። የደም ስኳር መለኪያ ካለ ይለካ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ይጠጣና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይለካ። ሲረጋጋ እንቁላል ወይም አይብ ይበላበት፤ በጣፋጭ ብቻ የተነሣ መልሶ ይወድቃል። ይህ ከተደጋገመ ለሐኪም መንገር ነው። ለስላሳ የምንመክረው ለዚህች ሰዓት ብቻ ነው። የስሊቭ ሰው ዳምፒንግ ብዙም ስለማይዘው ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም፤ ነገሩን የሚያውቀው ሚዛን ላይ ሲወጣ ነው።

በቁጥር እንየው። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ከ30 ግራም በላይ፣ ማለትም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። የማንጎ ጁስ ፍሬው ራሱ ጣፋጭ ሆኖ ሳለ ብዙ ቤት ስኳር ይጨመርበታል። «ፍራፍሬ ነው፣ ጤና ነው» የሚለው ጨዋታ ለዚህ ጨጓራ አይሠራም፤ ተፈጭቶ የተጠጣ ማንጎና ተቆርጦ በሹካ የተበላ ማንጎ አንድ አይደሉም። አቮካዶ ስኳሩ ትንሽ ቢሆንም ቅባቱ ብዙ ነው፣ ተፈጭቶ ሲጠጣ ደግሞ ልክ የለውም። ቡናውንም አንርሳ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባ ከ24 ግራም በላይ ነው፣ ፈንዲሻውን ሳንቆጥር። አምቦ ውኃ ስኳር የለውም፤ ጋዙ ግን ጠባቡን ጨጓራ ይነፋዋል፣ ቃር ላለበት የስሊቭ ሰው ደግሞ ያባብስበታል።

አሁን ወደሚፈራው በርገር እንምጣ። ለስላሳ ምግብ ብቻ የሚፈቀድበት ጊዜ ካለፈ፣ ማለትም ሁለት ወር ገደማ ሆኖ ሐኪሙ መደበኛ ምግብ ከፈቀደ በኋላ፣ ከመንገድ ምግብ ሁሉ በቀላሉ የሚስተካከለው እሱ ነው፤ ውስጡ ሥጋ አለና። ሲታዘዝ «ማዮኔዝ ሳይነካው፣ ቺፕሱ ይቅር» ማለት ያስፈልጋል። ማዮኔዝ አንዴ ከተቀባ መጥረግ አያዋጣም፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው ብቻ 90 ካሎሪ ገደማ ነው፣ ከሞላ ጎደል ዘይት ነው። የላይና የታች ዳቦው ይነሣ። ትኩስ ዳቦ የቱንም ያህል ቢታኘክ ከምራቅ ጋር ተላቁጦ ወደ ሊጥነት ይመለስና መግቢያው ላይ ይወተፋል፤ የተጠበሰና የደረቀ ዳቦ ይሻላል። ወፍራም የፒዛ ሊጥም ያው ነው። የቀረውን ሥጋና ቲማቲም በሹካና ቢላ የሽምብራ ፍሬ አሳክሎ መቁረጥ፣ እያንዳንዱን ከ20 እስከ 30 ጊዜ ማኘክ፣ ሹካውን እያስቀመጡ መብላት። በዚህ አካሄድ ግማሹ ሥጋ ይበቃል። 50 ግራም የበሰለ የበሬ ሥጋ 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ለሚያስፈልገው ሰው ቀላል አይደለም።

በቃ የሚለው ምልክት እንደ ድሮው የሆድ መወጠር አይደለም። አፍንጫ ድንገት ይፈሳል፣ ስቅታ ወይም ማስነጠስ ይመጣል፣ ከደረት አጥንት ሥር ጫን ይላል። ከዚያ በኋላ የሚገባ አንዲት ጉርሻ ትመለሳለች። ስለዚህ አፍንጫ ሲፈስ ሶፍት አንሥቶ ቀጣዩን መጉረስ ሳይሆን «ይጠቅለልልኝ» ማለት ነው። ቤት የተወሰደው ሥጋ ሲሞቅ ይደርቃል፣ የደረቀ ሥጋ ደግሞ ደረት ላይ ከሚቀሩት ግንባር ቀደሙ ነው፤ ሁለት ማንኪያ መረቅ ጣል ተደርጎበት፣ ተሸፍኖ በቀስታ ይሙቅ። ውኃም ሆነ ሌላ መጠጥ ከምግቡ ጋር አይጠጣም፤ ከተበላ 30 ደቂቃ ይለፍ። አብሮ ሲጠጣ ምግቡን አጥቦ ይወስደዋል፣ ጥጋቡም አብሮ ይሄዳል።

ሳምቡሳ ላይ የሚጠቅመው ሆዱ ውስጥ ያለው ምስር ነው፤ ቅርፊቱ ሊጥና ዘይት ነው። ቀዶ ምስሩን በማንኪያ መብላት ይቻላል፣ ግን እውነቱን ለመናገር ሳምቡሳ ያማረው ሰው ምስር አላማረውም። ያማረው መንኮሻኮሹና ጨው ያለው ትኩስ ነገር ነው። ለዚህ ከሦስት ወር በኋላ በበርበሬና በጨው የታሸ የተቆላ ሽምብራ፣ በቡና ሲኒ ተለክቶ፣ ከብዙ ነገር ይሻላል። ተለክቶ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቆሎ ከከረጢት እየዘገኑ ቀኑን ሙሉ መቆርጠም የጎንደር ሰው በላሁ ብሎ የማይቆጥረው ምግብ ነው። ቺፕስ 100 ግራሙ 300 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ካማረ ሥጋው ካለቀ በኋላ አምስት ፍሬ ለብቻ ሳህን ላይ ይነሣ። ከጓደኛ ጋር ከአንድ ሳህን የሚነሣ ቺፕስ ማንም ቆጥሮት አያውቅም።

አምሮትና ረሃብን መለየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ረሃብ ቀስቃሹ ግሬሊን የተባለው ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በስሊቭ ከሚወጣው የጨጓራ ክፍል ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ረሃብ ብዙ ሰው ላይ በጣም ይቀንሳል። ብዙውን ጊዜ ከዓመት ከዓመት ተኩል በኋላ ቀስ እያለ ይመለሳል። አምሮት ግን መጀመሪያም ጨጓራ ውስጥ ስላልነበረ አብሮ አልተቆረጠም። መለያው ቀላል ነው፦ የተቀቀለ እንቁላል ቢቀርብ ይበላል? ከተበላ ረሃብ ነው። «እንቁላል አይ፣ ሳምቡሳ ቢሆን» ከተባለ አምሮት ነው። አምሮት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ከታለፈ ይበርዳል፤ ውኃ እየተጎነጩ፣ እየተራመዱ ማለፍ ይቻላል። በባዶ ሆድ ግን አይቻልም። ከሥራ ወጥቶ በ11 ሰዓት ፒያሳን የሚያቋርጥ ሰው፣ ዘይቱ ሲንጣጣ እየሰማ፣ ምሳውን በ6 ሰዓት በልቶ ከሆነ ውጊያውን ተሸንፎ ነው የጀመረው። በ10 ሰዓት አንድ እንቁላል፣ 6 ግራም ፕሮቲን፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ እርጎ ያለ ስኳር ወስዶ ይውጣ።

ከመንገዱ የሚከፋው ግን የዘመድ ቤት ነው። «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» ተብላ የምትዘረጋው ጉርሻ የጨጓራውን ሩብ ትሞላለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛዋ ትከተላለች፤ በዚህ ጨጓራ ላይ የምታጣላው ሁለተኛዋ ናት። እንጀራው በዘይትና በቅቤ ርሷል፣ ጉርሻዋ ደግሞ ሳትታኘክ የምትዋጥ ናት። ባለቤቷን ላለማሳዘን ቀድሞ «ሐኪም በማንኪያ ብቻ ብሏል» ማለት ይበጃል። «አልፈልግም» ከተባለ ግን ልመናው አያልቅም። የበሰለ ክትፎ ቅቤው ቀነስ ብሎ፣ ወይም የጣና ቀረሶ ያለ ዱቄት ተጠብሶ ቢቀርብ ሁለቱም ወገን ይደሰታል። ጥሬ ሥጋ ግን ይቅር፤ ለማኘክ ያስቸግራል፣ የኮሶውም ነገር አለ።

ጾም ላይ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ረቡዕና ዓርብ ከመንገድ የሚገኘው ሳምቡሳ፣ ቺፕስና ፓስቲ ነው፤ የጾም በርገር የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ ድንች በዳቦ ነው። 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም፣ ያንኑ ያህል ፉል ከ7 እስከ 8 ግራም ፕሮቲን አለው። በቀን ሦስት ጊዜ በዚህ መጠን የበላ ሰው 30 ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የፕሮቲን ዱቄት ካልተጨመረ የጾም ቀን አይሞላም። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውኃ መዋልም በቀን ከ1.5 ሊትር በላይ በጥቂት በጥቂቱ መጎንጨት ላለበት ሰው፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ አደገኛ ነው። የንስሐ አባትን ማማከር ከምግቡ ዝርዝር በፊት ይምጣ፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ለረመዳን ሐኪማቸውን ቀድመው ይጠይቁ።

ምግብ ደረት ላይ ቢቀር ውኃ አይደፋበትም፤ ይባስ ይሞላል። መብላት አቁሞ ቀጥ ብሎ መቆም፣ ወዲያ ወዲህ ማለት ነው። አረፋ የመሰለ ምራቅ ከመጣ ይተፋ። አንድ ቀን ሙሉ ውኃም የማይቆይለት ሰው ሐኪም ቤት ይሂድ። እዚህ ላይ ለሕመምተኛውም ለባለሙያውም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ለቀናት ያስመለሰ ሰው ሲመጣ እኛ አገር መጀመሪያ የሚታሰበው ግሉኮስ መስቀል ነው። ጨጓራው የተሠራና ለቀናት ሲያስመልሰው የቆየ ሰው ግን ታያሚን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ1፣ ሊያልቅበት ይችላል፤ ግሉኮስ ቀድሞ ከገባ የቀረችውን ታያሚን አሟጦ አንጎልን ይጎዳል፣ ዓይን ያንሸዋርራል፣ አረማመድ ያናጋል። ታያሚን ይቅደም፣ ግሉኮሱ ይከተል። ሕመምተኛውም ሲገባ «ጨጓራዬ ተሠርቷል» ብሎ ይናገር፤ ጠባሳዎቹ ትናንሽ ስለሆኑ አይቶ የሚያውቅለት የለም።

በመጨረሻ ለጎንደር በርገርና ጁስ ቤቶች አንድ ጥያቄ አለን። ሥጋ ቤት ግማሽ ኪሎ፣ ሩብ ኪሎ ይባላል፤ እናንተ ዘንድ ግን ግማሽ የለም። ግማሽ ሳህን፣ ዳቦው ለብቻ፣ ጁሱ በትንሹ ብርጭቆ ያለ ስኳር ቢኖር ምን ነበረበት? ሙሉ ዋጋ የከፈለ ደንበኛ የተረፈውን ለማን ልስጠው እያለ ሲጨነቅ ይቆይና ብዙ ጊዜ ጨርሶት ይወጣል።

ሁለት የሥነ ምግብ ባለሙያዎች
ከጎንደር