የመብራት መቆጣጠሪያ ጌትዌይ በብረት ፓናል ውስጥ አይቆለፍ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ በመሀል አዲስ አበባ የመንገድ ዳር ሕንፃዎች ማታ ማታ በመብራት ደምቀው ይታያሉ፤ መብራታቸውን ያለ ሽቦ ከአንድ ቦታ የሚቆጣጠሩም አሉ። እኔም በሜክሲኮ አካባቢ የአንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ጥገና ኃላፊ እንደመሆኔ፣ ጌትዌይ የሚባለው መሣሪያ በግዴለሽነት ሲገጠም የሚያስከትለውን ጣጣ በቅርብ ስላየሁት ይህን ልጽፍ ወደድሁ።

ጌትዌይ በአንድ ወገን ከመብራቶቹ ጋር በሬዲዮ ሞገድ፣ በሌላ ወገን ከሕንፃው ኔትወርክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ሣጥን ነው። የእኛን የገጠመው ባለሙያ ምድር ቤት ባለው ዋና የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ፓናል ውስጥ ተክሎ፣ የብረቱን በር ቆልፎ ሄደ። ከሁለተኛ ፎቅ በላይ ያሉት መብራቶች ትእዛዝ አልቀበል ሲሉ ጥፋቱ የአምፖሎቹ መስሎን አራቱን ለወጥን። አንድ ቀን የመብራቶቹ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ያለበትን ስልኬን ይዤ የፓናሉን በር ብከፍተው፣ «አልተገናኘም» ይሉ የነበሩት መብራቶች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ መልሼ ስዘጋው ጠፉ። ብረት ሞገድን እንደሚያግድ የሚያውቅ ሰው ይህን ስህተት መሥራት አልነበረበትም። ዛሬ ጌትዌዩ በአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ጣሪያ ላይ፣ ኃይልም መረጃም በሚያደርስለት አንድ የኔትወርክ ኬብል ተሰቅሏል። መብራቶቹ ትእዛዙን እየተቀባበሉ ስለሚያደርሱ፣ የጥበቃ ሠራተኞች ለቁጠባ ብለው የአንድ ፎቅ ብሬከር ሲያወርዱ ቅብብሎሹ ሊበጠስ እንደሚችልም ልንነግራቸው ይገባል።

በየቢሮው ያለው ዋይፋይም ሌላ ፈተና ነው። መብራቶቹና ጌትዌዩ የሚገናኙበት ዚግቢ የተባለው ሽቦ አልባ ኔትወርክ እንደ አብዛኛው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ይሠራል፤ ዋይፋዩ ቻናል 1፣ 6 እና 11 ላይ ከሆነ ለዚግቢ ቻናል 15፣ 20 ወይም 25ን መምረጥ መጠላለፉን ይቀንሳል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው ራውተር ለጌትዌዩ ሌላ የኔትወርክ አድራሻ ሊሰጠው፣ መቆጣጠሪያው ፕሮግራምም በአሮጌው አድራሻ ሲፈልገው ሊውል ይችላል። ስለዚህ ቋሚ አድራሻ ይሰጠው።

ሰዓቱን በሚመለከት የደረሰብንን ሳልጠቅስ አላልፍም። የውጭ መብራቶቹ ከምሽቱ 12 ሰዓት እንዲበሩ ብናዝ፣ ገጣሚው በመሣሪያው ላይ 12:00 ብሎ ሞላው፤ መብራቶቹም በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ይበሩ ጀመር። በእኛ አቆጣጠር ምሽት 12 ሰዓት በመሣሪያው 18:00 ነው። የሰዓት ቀጠናውም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 3 ሰዓት ወደፊት ካልተደረገ ሁሉም ነገር 3 ሰዓት ይዘገያል።

የሕንፃ ባለቤቶችን አጥብቄ የምለምነው፣ የጌትዌዩ ቦታ፣ የኔትወርክ አድራሻውና ከፋብሪካ ከመጣበት የተቀየረው የይለፍ ቃል በጽሑፍ ሳይሰጣችሁ፣ አንድ ጊዜም ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ መብራቶቹ በትክክል መሥራታቸውን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ በርክክብ ሰነዱ ላይ አትፈርሙ፤ የመጨረሻውንም ክፍያ አትልቀቁ። የእኛ ገጣሚ የይለፍ ቃሉን ሳያስረክበን ስልኩን ዘግቶ ስለጠፋ፣ ጌትዌዩን እንደ አዲስ አስነስተን መብራቶቹን ፎቅ በፎቅ፣ መሰላል ላይ እየወጣን አንድ በአንድ መልሰን ለማገናኘት ተገደናል።

ከአክብሮት ጋር
የሕንፃ ጥገና ኃላፊ፣ ከሜክሲኮ አካባቢ፣ አዲስ አበባ