ካሜራ ገዝቼ ነው የጠፋሁት

ወንድምዓለም እንዴት ነህ ባክህ? ልጆቹስ፣ እናታቸውስ? አውቃለሁ፣ ሁለት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ በሰላምታ ብቻ እንደማላመልጥ። ቴሌግራም ላይ የላክልኝን አይቼ ማታ ተረጋግቼ እመልስለታለሁ አልኩ፣ ማታው ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ከዛ አፈርኩ፣ ሰው ካፈረ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ስደበኝ ግን መጀመሪያ አንብብ።

ካሜራ ገዛሁ። አዎ እኔ፣ በሰርግህ ቀን ሙሽራዋን ያለጭንቅላት ያነሳሁት ሰውዬ። ያገለገለ ኒኮን ዲ3200 ነው፣ አብሮት የሚመጣው 18-55 ሌንስ አለው፣ አለቀ። አላማዬ ተራራ፣ ገደል፣ ዛፍ፣ ሰማይ ማንሳት ነበር፣ የመጀመሪያዋ ሰለባ ግን እማዬ ሆነች። ጥር 21 ከአስተርእዮ ማርያም ስትመለስ በር ላይ አስቁሜ አነሳኋት። እማዬ ነጠላ እንዴት እንደምታጥብ ታውቃለህ አይደል፣ ፎቶው ላይ ግን ነጠላው አመድ መስሏል። አየችውና "እኔ ይሄን ለብሼ ነው ሰው ፊት የቆምኩት?" ብላ ልትወጣ ያሰበችውን ለቅሶ ልትቀር ነበር።

ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ሻጩን ስረግም ሰነበትኩ። ለካ እንደዛ አይደለም፣ ካሜራ የሚያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚነሳው፣ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልመዋል፣ ጥቁር ሲበዛበት ደግሞ ያፈካዋል። መደመርና መቀነስ ያለባት ትንሽ ቁልፍ አለች፣ ለነጠላ አንድ ደመር ማድረግ ነው። አንተም እዛ ሚኒሶታ በረዶ ላይ ካሜራ ብታወጣ ያው ነው የሚገጥምህ፣ ግራጫ በረዶ።

ከዛ ወደ ደብረ ሊባኖስ። መጀመሪያ የሄድኩት የካቲት ላይ ነው፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተን፣ መንገዱን ጠይቀን፣ ከአዲስ አበባ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆች "ጎልደን አወር፣ ጎልደን አወር" ይላሉ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ወርቅ የመሰለ ብርሃን አለ ብለው። እኔም አምኜ ስታንዴን ተከልኩ፣ ሻይ ከፔርሙስ ቀዳሁ፣ ቀና ስል ብርሃኑ ነጭ ሆኗል! እነሱ ጋ ፀሐይ ሰያፍ ነው የምትወጣው፣ እኛ ጋ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ቀጥ ብላ ነው ሽቅብ የምትሄደው፣ ወርቁ ብን ብሎ ይጠፋል። ይሄን የነገረኝ ማንም የለም፣ ሻዬ ነው ያስተማረኝ። እሱ ሳያንስ በበጋ አቧራውም አለ፣ የወንዙ ሸለቆ በሙሉ በጭስ ውስጥ የታየ ነው የመሰለው።

ጥቅምት ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ክረምቱ አየሩን አጥቦታል፣ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ማዶው ገደል ድርብርቡ ሁሉ ይቆጠራል። ፖርቹጋል ድልድይ ከሚሉት በላይ አፋፉ ላይ ተቀመጥኩ (ስሙ ነው እንጂ ያሰሩት ራስ ዳርጌ ናቸው ይላሉ)። ጭላዳዎቹን ስጠብቅ ነበር፣ እነሱ ግን የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው፣ ፀሐይ ሞቅ ሳይል አይወጡም፣ ማለትም ጥሩው ብርሃን ሲያልቅ ነው እነሱ የሚመጡት። ተናደድኩ፣ ከዛ ተውኩት። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ አንዷ ልጇን ደረቷ ላይ አንጠልጥላ ሳሩን በጣቷ ትነጫለች፣ ጭጭ ጭጭ የሚል ድምፅ አለው፣ ቁጭ ባለችበት በቂጧ ፈቀቅ እያለች። ሃያ ደቂቃ ያህል ካሜራውን እንኳን አላነሳሁም። ኋላ ያነሳሁት ከጀርባዋ ነው፣ ፀሐዩ ፀጉሯን ዳር ዳሩን አብርቶት፣ ለእሷ ደግሞ አንድ ቀነስ አድርጌ። እስካሁን ካነሳሁት ሁሉ የምወደው እሱን ነው፣ ትንሽ ብዥ ቢልም።

እዛ ቁጭ ብዬ አንተን አሰብኩህ። ተማሪ እያለን ለጸበል ስንሄድ ይሄን ገደል አይተነው ነበር እንዴ? እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ትዝ የሚለኝ የበላነው ቆሎና ያንተ የተበጠሰ ጫማ ነው።

አንድ ኪሳራም ልንገርህ። ባለፈው ክረምት ካሜራውን ከነቦርሳው ቁምሳጥን ውስጥ ዘግቼ ተውኩት፣ መስከረም ላይ አደይ ላነሳ ሳወጣው ሌንሱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር፣ ሻጋታ! ሌንስ ይሻግታል ብዬ በህልሜም አላሰብኩም። ጠርዙ ላይ ስለሆነ ለጊዜው ፎቶ ላይ አይታይም። አሁን ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ ነው የማስቀምጠው፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ ከምትገኘዋ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር፣ ሰፈር ውስጥ ጫማ የገዛ ሰው ሁሉ ለኔ ያመጣልኛል።

የጭላዳዋን ፎቶና የገደሉን ማታ በቴሌግራም እልክልሃለሁ፣ እንደ ፋይል ነው የምልከው፣ አለዚያ ይጨመቅና ይበላሻል። ስትደውል እማዬ ጋም ደውል፣ ትጠይቃለች። ለፋሲካ የምትመጣ ከሆነ ደግሞ ፖላራይዘር ፊልተር ያዝልኝ፣ ቅጠል ላይ ያለውን ነጸብራቅ የሚያጠፋውን። የሌንሴ አፍ ስፋት 52 ሚሊ ሜትር ነው፣ ተሳስተህ 55 እንዳታመጣ።