ዥዋዥዌው ቀለም ሳይቀባ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ለልጆቹ በግቢው የብረት ዥዋዥዌ የሚያሠራ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚያዘው እንደ አጥር በር ነው። ቁመቱና ቀለሙ ይነገራል፣ ዋጋ ይቆረጣል፣ አለቀ። በር ግን ቆሞ የሚውል ዕቃ ነው። 40 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሰንሰለቱ 60 ዲግሪ እስኪያዘነብል ድረስ ሲወዛወዝ፣ ታች በሚያልፍበት ቅጽበት ሰንሰለቱ የሚሸከመው 80 ኪሎ ነው፤ ያውም በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል። አባትየው «እስቲ እኔም» ብሎ ሲቀመጥበት ደግሞ አስቡት።

ውፍረቱ 1.2 ሚሊ የሆነ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን ክፍት ብረት) ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሲበየድ ይበሳል፤ ባይበሳም ውሎ አድሮ በብየዳው ጠርዝ ይሰነጠቃል። 6 ሜትር የሆነ ባለ 2 ኢንች ቧንቧ ሁለት ተገዝቶ እያንዳንዱ እኩል ቢቆረጥ፣ ባለ 3 ሜትር አራት እግር ይወጣዋል። ለአግዳሚው ባለ 2 ተኩል ኢንች፣ ውፍረቱ 3.6 ሚሊ የሆነ አንድ ቧንቧ ይበቃል። ግማሹ አግዳሚ ይሆናል፤ ቀሪው ግማሽ ኋላ ይፈለጋልና አይሸጥ። 3 ሜትር አግዳሚ ሁለት መቀመጫ በልኩ ይይዛል፦ ከእግሩ እስከ መጀመሪያው መቀመጫ 75 ሳንቲ፣ መቀመጫው 45፣ በመካከል 60፣ እንደገና 45 እና 75። ሦስተኛ ይጨመርልኝ የሚል ደንበኛ ሲመጣ እምቢ ማለት ነው፤ ልጆቹ ይጋጫሉ። እግሮቹ 60 ሳንቲ ተቀብረው፣ በየጫፉ ያሉት ሁለቱ በመሬቱ ልክ 1.70 ሜትር ሲራራቁ አግዳሚው 2.20 ሜትር ላይ ይውላል።

የእግሩ ጫፍ የአግዳሚውን ክብ ተከትሎ እንደ ኮርቻ መቆረጥ አለበት። ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ክፍተቱ በፌሮ ቁራጭ ተሞልቶ የተበየደ፣ በግራይንደር ሲላግ ያማረ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። ቀለም ከነካው በኋላ ማንም አይለየውም። ስለዚህ ደንበኛው «ሳይቀባ አየዋለሁ» ብሎ ይዋዋል። ሁለቱ እግሮች ከአግዳሚው ጋር በሚገናኙበት ማዕዘን 6 ሚሊ ላሜራ ይበየድበት። ቧንቧው ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ከሆነ ዚንኩ ከብየዳው ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ተፍቆ ይነሣ፤ ሥራውም ደጅ ላይ፣ ነፋሱ ጭሱን ከፊት በሚወስድበት አቅጣጫ ይሁን። ጭሱ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ወተት ይከላከላል ይባላል፤ አይከላከልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ መንጠልጠያው ነው። የተለመደው ፌሮ አጥፎ አግዳሚው ላይ መበየድና ሰንሰለቱን ማንጠልጠል ነው። ፌሮው ሸካራ ስለሆነ የሰንሰለቱን ቀለበት እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሰንሰለቱን ራሱን ከአግዳሚው ጋር መበየድ ደግሞ ይብሳል፤ የመጀመሪያው ቀለበት እንደ ሽቦ እየታጠፈ እየተቃና ይቆረጣል። የሚያዋጣው ይህ ነው፦ 8 ሚሊ ላሜራ ሁለት ጆሮ ተቆርጦ ይበሳና አግዳሚው ሥር ይበየዳል፤ በጆሮዎቹ መካከል የግማሽ ኢንች ቧንቧ ቁራጭ ገብቶ በ14 ቁጥር ቡሎን ይታሰራል፤ ዳዶው በራሱ እንዳይፈታ ድርብ ይሁን። ቧንቧዋ ግሪስ ጠጥታ ቡሎኑ ላይ ትዞራለች። ከሥሯ 12 ሚሊ ለስላሳ ብረት ቀለበት ሆኖ ይበየድና ሰንሰለቱ በሻክል (በቡሎን በሚዘጋ የብረት ማያያዣ) ይያዛል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው የቡሎኑ አቅጣጫ ነው። ቡሎኑ በአግዳሚው ርዝመት መተኛት አለበት። አግዳሚውን አቋርጦ ከገባ ቧንቧዋ ወደሚወዛወዘው አቅጣጫ አትዞርም፤ ጆሮው እየተጠመዘዘ ብየዳው ይለቃል።

ቀጥሎ መሬቱ። እንደ እነዋሪና እንደ ሞረትና ጅሩ ባለው ዋልካ አፈር ላይ 60 ሳንቲ አይበቃም። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ እግሩን በየዓመቱ እያነሣ ይጥለዋል። ያ የተረፈው ግማሽ ቧንቧ አሁን ይፈለጋል። በ75 ሳንቲ አራት ቦታ ሲቆረጥ ባለ 2 ኢንቹ እግር ውስጡ ይገባል፤ 35 ሳንቲ ተደርቦ ሲበየድ እግሩ 40 ሳንቲ ይረዝማል። ጉድጓዱ ከ1 ሜትር በላይ ይቆፈር፤ በአርማታው ዙሪያ የወጣው ዋልካ አይመለስበትም፣ ገረጋንቲ ተሞልቶ ይጠቅጠቅ። በሌላው አፈር 40 በ40 ስፋትና 70 ሳንቲ ጥልቀት ይበቃል። ከሥር 10 ሳንቲ ድንጋይ፣ ከላይ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሁለት አሸዋና ሦስት ጠጠር፤ ለአራቱ ጉድጓድ 50 ኪሎ ሦስት ከረጢት ሲሚንቶ ይሄዳል። አርማታው ከመሬት 5 ሳንቲ ከፍ ብሎ ውሃ እንዲያፈስ ተዳፋት ይሁን፤ ብረቱ ከአርማታ በሚወጣበት ቦታ ሬንጅ ይቀባ፤ ዝገት የሚጀምረው እዚያ ነው። በደብረ ብርሃንና በመንዝ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጭ ስላለ አርማታው ማታ ማታ በጆንያ ይሸፈን፣ ልጅም ለ7 ቀን አይቀመጥበት።

ለመቀመጫ ሳንቃና ላሜራ ይቅር፤ ተመልሶ የቆመ ልጅ ግንባር ይመታል። የጎማ ቁራጭ ይሻላል፣ ግን ሽቦ የሌለው ጎማ ይፈለግ፤ ሽቦው እያደር ይወጣና ይቧጭራል። ሰንሰለቱ ጣት እንዳይቆነጥጥ ከመቀመጫው ወደ ላይ 1 ሜትር ያህል በውሃ ጎማ ይልበስ።

ከሥሩ ኮብልስቶን ወይም ሲሚንቶ ካለ ግን ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። 25 ሳንቲ የእንጨት ፍቅፋቂ ይነጠፍ፤ አሸዋም ይሆናል፣ ግን ዝናብ ሲጠቀጥቀው ስለሚጠጥር በየጊዜው መኮትኮት ይፈልጋል። ከፊትና ከኋላ የአግዳሚው ከፍታ እጥፍ፣ ማለትም 4.40 ሜትር ግድግዳና አጥር የሌለበት ቦታ ያስፈልጋል። ግቢው ካልበቃ አግዳሚው ወደ 1.80 ይውረድ፤ ያኔ በእያንዳንዱ በኩል 3.60 ሜትር ይበቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ ሻክሉ ተፈትቶ ይታይ፤ ውፍረቱ ሲሶ ከጎደለ ይቀየር።

ከአክብሮት ጋር
አንድ በያጅ፣ ከደብረ ብርሃን