ክፍሉን በዓይንህ ሳታይ ሳንቲም እንዳትልክ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን አለህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም በመጠኑ ተሽሎኛል። በስልክ ስነግርህ «እሺ እማዬ፣ እሺ» እያልክ ስለምትዘጋብኝ ጽፌልሃለሁ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

እህትህ ትናንት ማታ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ለትምህርት በምትሄድበት በጣሊያኗ ከተማ ፔሩጃ የያዝነውን ሆቴል ሰርዘህ፣ ቴሌግራም ላይ ላገኘኸው ሰውዬ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ቀብድ ልትልክ ነው አሉ። የአምስት ሌሊቱ ሒሳብ አንገብግቦህ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስማኝ የኔ አባት፣ ክፍሉን በዓይንህ ሳታይ አንድ ሳንቲም እንዳትልክ። ሆቴሉን የያዝነው ለሽርሽር አይደለም። ሻንጣህን አስቀምጠህ፣ በእግርህ ዞረህ፣ ቤቱን አይተህ፣ ቁልፉ በሩን ሲከፍት አረጋግጠህ እንድትከፍል ነው። «እኔ ለጊዜው ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልክልሃለሁ፣ ገንዘቡን በዚህኛው አገር ባንክ አስገባ» የሚል፣ ዋጋውም ከሌላው በግማሽ የረከሰ ሰው አከራይ አይደለም።

አሁን ስለ መንገዱ። ሮም ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ስትወርድ ሁለት ዓይነት ባቡር አለ። ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚሉት ሳይቆም በ32 ደቂቃ የሮም ዋና ጣቢያ ተርሚኒ ያደርስሃል፤ 14 ዩሮ ነው። ሌላው በ8 ዩሮ ይሄዳል፣ ነገር ግን ተርሚኒ አይገባም፤ ቲቡርቲና በሚባል ሌላ ጣቢያ በኩል ያልፋል። ሁለት ሻንጣ ይዘህ ስድስት ዩሮ ለማትረፍ ስትል ሮም ውስጥ አትንከራተት። ከተርሚኒ የፔሩጃውን ሬጆናሌ፣ የክልል ባቡሩን ማለት ነው፣ ያዝ። አንዳንዱ ቀጥታ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ፎሊኞ የሚባል ከተማ ላይ ባቡር ያስቀይርሃል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የወረቀት ትኬት ከሆነ ሳትሳፈር በፊት መድረኩ ላይ ባለችው ማሽን አስመታው፤ ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ተቆጥሮ ያስቀጣል። ከፎሊኞ በኋላ «ፔሩጃ ፖንቴ ሳን ጆቫኒ» የሚል ጣቢያ ይመጣል፤ ስሙን ሰምተህ እዚያ እንዳትወርድ። ያንተ የሚቀጥለው ዋናው ጣቢያ ነው፣ ሰፈሩን ፎንቲቬጄ ይሉታል። ከመነሳትህ በፊት የሥራ ማቆም አድማ መኖሩን እይ፤ ዓርብ ይወዱታል። አድማ ቢኖርም በሥራ ቀን በነሱ አቆጣጠር ከ6 እስከ 9 እና ከ18 እስከ 21 ሰዓት የተወሰኑ ባቡሮች የግድ ይሄዳሉ።

አሮጌው ከተማ ያለው ኮረብታው ላይ ነው፤ ጣቢያው ከታች። ሆቴሉን ከታች የያዝንልህ ለዚህ ነው። ወደ ላይ ለመውጣት ሚኒሜትሮ የሚባል ያለ ሹፌር የሚሄድ ትንሽ ባቡር አለ፤ ፎንቲቬጄ ተሳፍረህ መጨረሻው ፒንቼቶ ላይ ትወርዳለህ። ማታ በጊዜ ስለሚዘጋ ቤት ለማየት ወደ ላይ ስትወጣ የመመለሻህን ሰዓት አስብበት። ሲመሽ ደግሞ ጣቢያው ፊት ለፊት አትቁም፤ ስልክህን እያየህ በፍጹም።

አንተ እኩለ ቀን ላይ ልትደርስ ትችላለህ፤ ክፍል የሚሰጡት ግን ብዙውን ጊዜ ከ14 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ በኛ ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ቀድመህ ከደረስክ ሻንጣህን ሪሴፕሽን አስቀምጠህ ውጣ፤ አያስከፍሉህም። ዋናው ችግር መዘግየቱ ነው። እንዲህ ያለ ባለሁለት ኮከብ ሆቴል ሌሊቱን ሙሉ የሚያድር ሠራተኛ ላይኖረው ይችላል፤ ባለቤቱ መሽቶበት ቆልፎ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሌሊት ካልመጣህ ደግሞ ቀሪዎቹን አራት ሌሊቶች ለሌላ ሰው ሊሰጥብህ ይችላል። ስለዚህ አንድ ቀን ቀድመህ የምትደርስበትን ሰዓት በኢሜይል ጻፍለት፤ ባቡሩ ከዘገየ ደግሞ ሳይመሽ ደውል። የፔሩጃ የቤት ስልክ በ075 ይጀምራል። ከ+39 ቀጥሎ ዜሮዋን አትጣላት፤ በኛ ቁጥር የለመድነውን ስታደርግ ስልኩ አይገባልህም።

ስትገባ ፓስፖርትህን ይጠይቁሃል። አትደንግጥ፣ ሕጋቸው ነው፤ ያደረውን እንግዳ ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለባቸው። ፎቶ ኮፒ አይበቃም፣ ዋናውን አሳይ። እስኪመዘግቡት እዚያው ቆመህ ጠብቅና ተቀብለህ ግባ። የከተማ ግብር የሚሉት ደግሞ አለ፤ በሰውና በሌሊት የሚታሰብ ጥቂት ዩሮ ነው፣ ብዙ ጊዜ ኢንተርኔት ላይ ባየኸው ዋጋ ውስጥ የለም። በጥሬው ስለሚፈልጉት ዝርዝር ዩሮ ያዝ። ካርድህን ለመያዣ ብለው ቢጠይቁህና ማሽኑ እምቢ ቢል አትከራከር፤ የአምስቱን ሌሊት በጥሬው ክፈልና ደረሰኝ ተቀበል። ደረሰኙ ላይ ስምህ እንደ ፓስፖርቱ ይጻፍ፣ የአያትህ ስም ሳይቀር።

ክፍሉ ጠባብ ነው። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ ወንበር፣ ከግድግዳ ጋር የተጣበቀች ጠረጴዛ፤ በቃ። የሆቴል ሥራ ስለማውቅ የሚበላሸውን ልንገርህ። የመስኮቱ መዝጊያ ከላይ እየተጠቀለለ የሚወርድ ነው፤ ከጎኑ እንደ ቀበቶ ያለ ጠፍጣፋ ጨርቅ ከግድግዳው ይወጣል። ስታወርደው ቀበቶውን በሁለት እጅህ እየተቀባበልክ ቀስ በል። ከለቀቅከው መዝጊያው ተንሸራቶ ይወድቅና ጠርዙ ይጣመማል፣ ቀበቶውም ይበጠሳል፤ ለጥገናው አንተን ያስከፍሉሃል። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ከሻወሩ በላይ የተንጠለጠለ ገመድ ታያለህ። የአደጋ ጊዜ ደወል ነው። ፎጣ እንዳትሰቅልበት፣ «ይህ ምንድን ነው» ብለህም እንዳትጎትት። ቧንቧው ላይ «ሲ» የተጻፈበት ሙቁ ነው፣ ቀዝቃዛው «ኤፍ» ነው፤ በእንግሊዝኛ አስበህ ከከፈትክ ትቃጠላለህ። የሻወሩ መጋረጃ ጫፍ ወደ ውስጥ ይግባ፣ አለዚያ ውሃው ክፍሉ ድረስ ይሄዳል። ሙቅ ውሃው ከትንሽ ቦይለር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ዘፈን እየዘፈንክ ግማሽ ሰዓት አትቁም፤ ያልቃል።

የሞባይል ቻርጀር ባለሁለት ቀጭን ጥፍር ከሆነ ይገባል። ክብና ወፍራም ራስ ያለው የላፕቶፕህ ገመድ ግን አይገባም፤ የነሱ ሶኬት በአንድ መስመር የተደረደሩ ሦስት ቀዳዳዎች ነው ያሉት። ሪሴፕሽን አዳፕተር ጠይቅ፣ ከሌላቸው የብረታ ብረት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ በጥቂት ዩሮ ትገዛለህ። የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዘህ እንዳትሄድ! እህትህ «ሽሮውን ክፍሉ ውስጥ ይሠራል» ስትል ሰምቻለሁ። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ፎቁ ሁሉ ይጨልማል፣ ጭስ ጠቋሚው ይጮኻል፣ አንተም ሻንጣህን ይዘህ ትወጣለህ። ጀበናም ቢሆን ቤት እስክታገኝ ይቆይ።

አሮጌ ሊፍት ካለ በሩ ድርብ ሊሆን ይችላል፤ ስትወጣ ሁለቱንም በእጅህ ዝጋ። አንዱ ክፍት ከቀረ ለማንም አይንቀሳቀስም፣ አሮጊቶቹም ይረግሙሃል። ከባድ ማንጠልጠያ ያለው ቁልፍ ከሰጡህ ስትወጣ ሪሴፕሽን ተወው፤ ማታ የምታመሽ ከሆነ ግን የውጭውን በር ቁልፍ ለይተህ ጠይቅ።

ብርዱን አደራ። የደሴ ልጅ ነኝ ብለህ አትኩራ። ማሞቂያ በሕግ የሚከፈተው በዚያ አካባቢ ከኦክቶበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ነው፤ ኦክቶበር 15 ማለት ጥቅምት 5። አንተ ከዚያ በፊት ስለምትደርስ የግድግዳውን ማሞቂያ ቁጥር እስከ 5 ብታዞረውም ብረቱ አይሞቅም። ከተከፈተም በኋላ በቀን ከ14 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ሌሊት ይጠፋል። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቁም ሣጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይኖራል፤ ከሌለ ጠይቅ፣ አትፈር።

ስለ ብርድ ሳነሳ የአክስትህ ልጅ ትዝ አለኝ። ታሪኩን ታውቀዋለህ፣ ግን ደግሜ ልንገርህ። እዚያው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ከተማ ቤት አገኘሁ ብሎ፣ ፎቶውን ለሁላችንም አሳየን። ነጭ መጋረጃ፣ የእንጨት ወለል፣ መስኮቱ ላይ አበባ። አክስትህ ቀብዱን ለመላክ የሠርጓን አምባር ሸጠች፤ አያትህ የሰጠቻትን፣ በልጅነታችን ለበዓል ብቻ ታደርገው የነበረውን። ልጁ ሲደርስ አድራሻው የጥርስ ሐኪም ቤት ሆኖ ተገኘ። ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ሻንጣ ጎትቶ ወጥቶ፣ ነጭ የለበሰች ሴትዮ «ቀጠሮ አለህ?» አለችው። ጣቢያው አግዳሚ ላይ አደረ። አክስትህ እስከ ዛሬ ስለ አምባሩ አንስታ አታውቅም፤ የምትለው «ያን ቀን ስልኬ ተዘግቶ ነበር» ብቻ ነው። እሱ አሁን ደህና ነው፣ ሥራ ይዟል። እሷ ግን አሁንም ስልኳን ትራሷ ሥር ሳታደርግ አትተኛም። እንግዲህ እኔንም እንዲህ ልታደርገኝ ነው? ሳታይ አትላክ ልጄ።

ቤቱን ስታይ የምትጠይቀውን ያዝ። መያዣው በሕግ ከሦስት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ግብር መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት፤ ለተማሪ የሚሆነው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት የሚደርሰው ውል ነው። «ሳንመዘግበው እንስማማ፣ ይረክስልሃል» ካለህ ተወው፤ የክልሉን የተማሪ ድጎማ ስትጠይቅ የተመዘገበ ውል ይፈልጉብሃል። ሙቅ ውሃውን ከፍተህ እይ፣ የግድግዳውን ጥግ ሻጋታ እይ፣ ማሞቂያው የጋራ ነው ወይስ የብቻ ብለህ ጠይቅ። ከዩኒቨርሲቲው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፉትን ማስታወቂያዎች ጀምር። አምስት ሌሊት ካልበቃህ ሆቴሉን ሁለት ሌሊት እንጨምራለን፤ ገንዘቡን እኔ አላጣም። የሰውዬውን ቀብድ ግን አልልክም፣ እህትህም አትልክም፣ ተነጋግረናል።

መኖሪያ ፈቃዱን ቤት እስካገኝ ብለህ አታቆየው። ከገባህ በ8 የሥራ ቀን ውስጥ ፖስታ ቤት ሄደህ ቅጹን መውሰድና ሞልተህ ማስገባት አለብህ፤ ቅጹ በነጻ ነው። የ16 ዩሮውን ቴምብር ሲጋራ ከሚሸጥበት ታባኪ ግዛ።

ምግብ። ቁርስ ዋጋው ውስጥ ካለ ኮርኔቶ የሚሉት ቅቤ ያለበት ጥቅልል ዳቦና ካፑቺኖ ነው የምታገኘው፤ ለረቡዕና ዓርብ አይሆንህም። ሱፐርማርኬት ስትገዛ ማሸጊያውን አንብብ፤ ወተትና እንቁላል በሕግ ከሌላው ጎልተው ስለሚጻፉ ቶሎ ታያቸዋለህ። «ስትሩቶ» ግን የአሳማ ስብ ነው፣ ጎልቶ አይጻፍም፤ ዳቦና ቂጣ ላይ ፈልገው። የፔሩጃ ክልል የኡምብሪያ ዳቦ ጨው የለውም፤ ተበላሽቷል ብለህ አትመልሰው። ምሳ ከ14 ሰዓት ተኩል በኋላ ብዙ ቦታ ወጥ ቤቱ ይዘጋል፣ ትንንሽ ሱቆችም ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ተራብክ ተብሎ የሚከፍትልህ የለም። ቡናህን ቆመህ ጠጣ፣ ከተቀመጥክ ዋጋው ይጨምራል።

አባትህ ቢኖር ሻንጣህን እሱ ነበር የሚያስርልህ፤ አንተ ዚፑን እንኳ በደንብ አትዘጋም። እህትህ ትመዝንልህ፣ እያንዳንዱ ከ23 ኪሎ እንዳያልፍ።

ስትደርስ ከፓስፖርት ምዝገባው በኋላ ደውል፣ ከዚያ በፊት አይደለም፤ ስልክ እያወራህ ሰነድ አትቀበል። ለሰውዬው ደግሞ ዛሬውኑ «ስመጣ አይቼ እከፍላለሁ» ብለህ ጻፍለት፤ መልሱን ለእህትህ አሳያት።

እናትህ

ማስታወሻ፦ ለመስቀል የላክሁትን ንጥር ቅቤና ቋንጣውን ከሻንጣህ አውጣ። ሥጋና የወተት ውጤት ከውጭ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ፊውሚቺኖ ላይ ይወስዱብሃል። ሽሮና በርበሬው ያልፋል፤ በሁለት ላስቲክ ታሽጎ ላዩ ላይ ምን እንደሆነ ይጻፍበት። ቅቤውን ለእህትህ ተውላት።