የበግ ቆዳው ይቅርብህ

ይድረስ ለወዳጄ ለዳዊት፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኛ እዚህ ፍራንክፈርት ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትልቋ ልጄ በቁመት ልትደርስብኝ ትንሽ ነው የቀራት። ለምን ጠፋህ አልልህም፤ አንተም አትበለኝ። ተያይዘን ነው የጠፋነው። እማማስ እንዴት ናቸው? ሞተር መግዛትህን ነግረሃቸዋል ወይስ አሁንም ደብቀሃል?

የድምፅ መልእክትህ ደርሶኛል። ሰሚት ፖይንት የእሽቅድምድም ሜዳ (ትራክ) ላይ ሞተር ለመንዳት መመዝገብህ ደስ ብሎኛል። መፍጠን ካማረህ የቨርጂኒያን አውራ ጎዳና ትተህ ዌስት ቨርጂኒያ ድረስ ብትሄድ ይሻላል። እዚያ ከፊት የሚመጣ መኪና የለ፣ እግረኛ የለ። ያልተዋጠልኝ እዚያ የምትለብሰው የቆዳ ቱታ ነገር ነው። «ክረምት አዲስ አበባ ስገባ በሀገራችን የበግ ቆዳ በግማሽ ዋጋ አሰፋለሁ» ነው ያልከው? ወንድሜ፣ ይቅርብህ።

የሀገሬን ቆዳ መናቄ አይደለም። የደጋው በጋችን ቆዳ ስስና ለስላሳ ሆኖ ጠንካራ ነው፤ የጎልፍ ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው። ግን ጓንቱ የሚይዘው ዱላ ነው። ትራክ ላይ የወደቀ ሰው ብዙ ሜትር ይንሸራተታል፤ አስፋልት ደግሞ እንደ ሞረድ ነው። ስለዚህ የእሽቅድምድም ቱታ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከ1.2 እስከ 1.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው የከብት ቆዳ ነው። የካንጋሩ ቆዳ ሳስቶና ቀልሎ በጥንካሬ ይወዳደረዋል፤ ውስጡ ያሉት ክሮች ከገጹ ጋር ትይዩ ሆነው ስለተደረደሩ ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም። ለአንተ ከብቱ ይበቃሃል።

ከቆዳውም በላይ የምፈራልህ ስፌቱን ነው። ጥሩ ቆዳ ቶሎ አይበሳም። ክሩ ተፍቆ ካለቀ ግን ቱታው ይተረተራል፣ ያኔ ቆዳው ምን ቢወፍር ዋጋ የለውም። ጃኬት ሰፊው እጁ የተባረከ ሊሆን ይችላል፤ የሚሰፋው ግን እንዲያምር ነው። በእሽቅድምድም ቱታ ላይ ስፌቱ ሁለት ሦስት ረድፍ አለው፤ ቢያንስ አንዱ ረድፍ አስፋልት እንዳይነካው ወደ ውስጥ ይደበቃል። ትከሻ፣ ክርን፣ ዳሌና ጉልበት ላይ ቆዳው ይደረባል፤ መጋጠሚያውም በተቻለ መጠን ከእነዚህ ቦታዎች ይሸሻል።

ይህን ሁሉ ሱቅ ውስጥ ቆመህ በዓይን አታረጋግጠውም። መለያውን አንብብ። እኛ ዘንድ አውሮፓ የሞተረኛ ልብስ በሕግ እንደ ደህንነት መሣሪያ ስለሚቆጠር ሳይፈተን አይሸጥም። አሜሪካ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም፤ ቢሆንም የአውሮፓው መለያ ያለበት ቱታ እዚያም ይገኛል። ውስጡ ላይ ኢኤን 17092 የሚል የአውሮፓ መመዘኛ ቁጥርና ደረጃው ተጽፏል። ኤኤኤ ከፍተኛው ነው፤ ቀጥሎ ኤኤ፣ ከዚያ ኤ። ለትራክ ኤኤኤ ካልሆነ አትንካ። ሰው ሲወድቅ ቀድመው መሬት የሚነኩት ቦታዎች ለዚህ ደረጃ በቤተ ሙከራ የሚፈተኑት በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለኤኤ 70 ነው። በ120 ብወድቅ ምንም አልሆንም ማለት እንዳይመስልህ፣ አደራ። አንድ ተንኮል ልንገርህ፦ ሻጩ «ሲኢ (የአውሮፓው የደህንነት ምልክት) አለው» ሲልህ፣ የተፈተነችው ጉልበቱ ውስጥ ያለችው መከላከያ ብቻ ልትሆን ትችላለች። የቱታው የራሱ መለያ የታለ በለው።

መከላከያዎቹም ደረጃ 2 ይሁኑ። በፈተና ላይ የክርንና የጉልበት ደረጃ 1 በአማካይ እስከ 35 ኪሎ ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) የምት ኃይል ወደ ሰውነት እንዲያሳልፍ ይፈቀድለታል፤ ደረጃ 2 ከ20 ማለፍ የለበትም። ለጀርባ ደግሞ 18 እና 9 ነው። ብዙ ቱታ ጀርባው ላይ ስፖንጅ ብቻ ስላለው የጀርባ መከላከያውን ለብቻው ትገዛለህ። ቱታው ላይ ከአንገት በታች ያለችው ጉብታ እንዳታታልልህ። እሷ ለነፋስ ናት፣ አከርካሪህን አትጠብቅም።

አሁን ወደ ልኬቱ። ሰው ሁሉ ቱታ ለብሶ መስታወት ፊት ይቆማል። ቆመህ ከተመቸህ ሰፍቶሃል ማለት ነው። ቱታው የተቆረጠው ሞተር ላይ ለተጎነበሰ ሰው ነው፤ ስትቆም ትከሻህን ወደ ፊት ቢጎትትህ፣ እንደ ሽማግሌ ጎበጥ ብትል ልክ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለ ሞተር ላይ ውጣና ተጎንበስ። ጉልበትህ ታጥፎ ደሙ ከታሰረ ጠቦሃል። የክርኑን መከላከያ በእጅህ ያዝና አዙረው። በእጅህ ከዞረ አስፋልቱም ያዞረዋል፣ ያኔ ክርንህ ባዶውን ይቀራል። ከስር የምትለብሰውን ስስ ልብስና የጀርባ መከላከያህን ይዘህ ሂድ። ሆድህን ሰብስበህ አትለካ፣ አውቅሃለሁ! ወደፊት ከስር ኤርባግ፣ ስትወድቅ በአየር የሚነፋውን መከላከያ፣ መልበስ ካሰብክ ደረቱ ላይ ቦታ ተው፤ ሲነፋ መሄጃ ካጣ አንተኑ ነው የሚጨምቅህ። የዓለም የሞተር እሽቅድምድም በሆነው ሞቶጂፒ ላይ ኤርባግ ከ2018 ጀምሮ ግዴታ ነው። ለመጀመሪያ ቀንህ ግን ገንዘብህን ቱታው ላይ አውል።

አንድ ወጥ ይሁን ሁለት ክፍል ብለህ ነበር። ለትራክ ብቻ ከሆነ አንድ ወጥ ግዛ። ወገቡን ዙሪያውን በዚፕ የሚያያዝ ሁለት ክፍል የሚቀበሉም አሉ፤ አዘጋጆቹን ጠይቃቸው። ለእናንተ በጋ ሙቀት ደረቱና ጭኑ ላይ አየር እንዲያስገባ የተበሳሳ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀለሙን እንደፈለግህ።

ግማሽ ዋጋ ነው የምፈልገው ካልክ ያገለገለ ግዛ። አንድ ወቅት ነድተው የሚተዉ ሰዎች ሞልተዋል። ወደ ብርሃን ይዘህ ስፌቱን በጣትህ እየዳበስክ እለፍ። ክሩ የተነሳ፣ ክርኑ ወይም ዳሌው የተፋቀ ከሆነ ተወው።

የደረትህን፣ የወገብህንና የውስጥ እግርህን ልኬት በሴንቲ ሜትር ላክልኝ፤ የአውሮፓውን ቁጥር እኔ አወጣልሃለሁ። ያገኘኸውንም ከመክፈልህ በፊት የመለያውን ፎቶ አሳየኝ። እሁድ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ደውል።

ወንድምህ ሰሎሞን